የዲስክ ስህተት መልእክት በአማርኛ፦ ተጠቃሚው አንብቦት ምን ያድርግ?

ዳግም_ቡት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሊነክስ ዴስክቶፕ አነስ ያለ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። የከርነሉን (የሊነክስ እምብርት የሆነውን ፕሮግራም) ሎግ፣ ማለትም የክንውን መዝገብ፣ እየተከታተለ የሃርድዌር ችግር ሲያይ ለተጠቃሚው በአማርኛ ማሳወቂያ ያወጣል። የጀመርኩት ከዲስክ ነው፤ ሌላው ዕቃ ቢበላሽ ይገዛል፣ ዲስክ ሲበላሽ ግን የሰው ሥራ ነው አብሮ የሚሄደው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦

«ስህተት፦ በኤስዲኤ ላይ የግብዓት/ውጤት ስህተት ተፈጥሯል። ሴክተር 48823912።»

የከርነሉ መስመር እንዳለ ሲገለበጥ ይህንን ይሰጣል። ውሸት የለበትም፤ ግን ለሒሳብ ሠራተኛ ወይም ለተማሪ ምንም አይፈይድለትም። ኤስዲኤ የትኛው ዲስክ ነው? ፋይሌ አለ ወይስ ጠፍቷል? ኮምፒውተሩን ላጥፋው ወይስ ልቀጥል? አንዱንም አይመልስም። ምን ይግባበት፣ ምን ይውጣ? በተለይ ከሎጉ ምን ያህሉ እንደሚታመን የምታውቁ ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ሎግ_አንባቢ፦

ጉዳዩ አማርኛው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው የሚበላሸው። ዲስኩ ምን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል፤ መረጃው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን እየተጨፈለቀ ይሄዳል።

በሳታ (በተለመደው የውስጥ ዲስክ ማገናኛ) በተገጠመ ዲስክ ላይ ከስህተቱ መስመሮች ውስጥ «ዩኤንሲ» ወይም «አይሲአርሲ» የሚል ምልክት ታገኛለህ። ዩኤንሲ ካለ ሴክተሩን (የዲስኩን ትንሽ የማከማቻ ክፍል) ዲስኩ ራሱ ማንበብ አቅቶታል፣ የስህተት ማረሚያውም አላዳነውም። አይሲአርሲ ካለ ዳታው የተበላሸው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲጓዝ ነው። የስካሲው ንብርብርም (ከርነሉ ለዲስኮች ትዕዛዝ የሚልክበት ክፍል) ይለየዋል፤ የስህተት ቁልፉ 3፣ ተጨማሪ ኮዱ 11 ከሆነ ያልተነበበ ሴክተር ነው። ከዚያ በላይ ያለው የብሎክ ንብርብርም የሚዲያ ችግር፣ የመስመር ችግር፣ ጊዜ ማለፍ ብሎ ለያይቶ ይይዘዋል። ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎችን በዲስኩ ላይ የሚያደራጀው ክፍል) ጋ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አንድ ቁጥር ይሆናሉ፦ 5። ጽሑፍ ማረሚያው፣ ፎቶ ማሳያው፣ ብሮውዘሩ የሚደርሳቸው ያ 5 ብቻ ስለሆነ «የግብዓት/ውጤት ስህተት» ከማለት ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ስለዚህ የ5ን ትርጉም በማሳመር ጊዜህን አትፍጅ። ከታች ያለውን ኮድ ያዝና መልእክቱን ከእሱ ጻፍ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የመጀመሪያው ምልክት መልእክት ሳይሆን ስታክ ማድረግ መሆኑ ነው። ከርነሉ ለአንድ ትዕዛዝ በነባሪ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ አንድ ክፉ ሴክተር ለማንበብ ከዚያ በላይ ሊታገል ይችላል። ያኔ ከዲስኩ ጋር ያለው ግንኙነት ሪሴት ይደረጋል (እንደ አዲስ ይጀመራል)፣ እንደገና ይሞከራል፣ እንደገና 30 ሰከንድ። ተጠቃሚው የሚያየው ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ መስኮቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ምንም ካልተነገረው የፓወር ቁልፉን ይዞ ያጠፋዋል፤ ያም ሌላ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ያበላሽበታል። ማሳወቂያህ የመጨረሻውን ስህተት አይጠብቅ፤ የመጀመሪያው ሪሴት ሲታይ «ዲስኩ ለመመለስ ዘግይቷል፣ በድጋሚ እየተሞከረ ነው፣ አሁን አያጥፉት» ብሎ ይውጣ።

ኤክስት4 በተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ደግሞ ብዙ የሊነክስ ስርጭቶች (እንደ ዲቢያን ያሉ ዝግጁ ጥቅሎች) ዋናውን ክፍል ስህተት ሲገኝበት ወደ «ማንበብ ብቻ» እንዲዞር አድርገው ነው የሚጭኑት። ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ግን ተጠቃሚው የሚያየው ከወርድ ፕሮሰሰሩ የሚመጣ «ማስቀመጥ አልተቻለም» ነው። የፈቃድ ችግር ይመስለውና ስም እየቀያየረ ሴቭ ለማድረግ ይታገላል። ዲስኩ ሆን ተብሎ መቆለፉን የሚነግረው የለም።

ብየዳ_ጣቢያ፦

ሎግ_አንባቢ ያለው ልክ ነው፣ ከጥገና ጠረጴዛ በኩል ልጨምርበት። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና ከሚይዘው የስማርት ሠንጠረዥ ለተጠቃሚ መልእክት የሚበቁት ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። 5 (ከስህተት ቁጥሩ 5 ጋር አይገናኝም) በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች፣ 197 ውሳኔ የሚጠብቁ ያልተነበቡ ሴክተሮች፣ 198 በራሱ ፍተሻ ሊያነባቸው ያልቻላቸው፣ 199 ደግሞ በኬብሉ ላይ የተበላሹ ልውውጦች።

199 እየጨመረ 5 እና 197 ዜሮ ከሆኑ ዲስክ አይገዛም። ኮምፒውተሩ ይጠፋ፣ ሶኬቱ ይነቀል፣ የሳታ ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ ይታይ፣ ቢቻል በአዲስ ይቀየር፣ ከዚያ ሌላ የማዘርቦርድ ወደብ ይሞከር። 199 ወደ ኋላ ተመልሶ ዜሮ አይሆንም፤ ዋናው ነገር ኬብሉ ከተቀየረ በኋላ መጨመር ማቆሙ ነው። ያልቆመ እንደሆነ ፓወር ሰፕላዩ ይታይ። ስንቱ ጤነኛ ዲስክ በዚህ ምክንያት ተጥሏል።

197 ከዜሮ በላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ መቅዳት፣ ከዚያ መመርመር። በዚህ ላይ መልእክታችሁ ተጠቃሚውን ወደ «ዲስክ ጠግን» አይምራው። ዊንዶውስ ላይ ቼክዲስክን (የዲስክ መፈተሻና መጠገኛውን) በሙሉ ፍተሻ ማስኬድ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስነብበዋል፣ የፋይል ሲስተሙንም ይቀይራል። እየሞተ ላለ ዲስክ ይኼ የመጨረሻ ዱላ ሊሆን ይችላል። ፋይሎቹ ካልተገለበጡ በስተቀር አይነካ። ብዙ ያልተነበበ ቦታ ካለ ደግሞ ዲዲሬስኪው በተባለው የመረጃ ማዳኛ ፕሮግራም በመጀመሪያ ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት፣ የተነበበውንና ያልተነበበውን የሚመዘግበውን የካርታ ፋይል ማስቀመጥ፣ በሁለተኛው ዙር ወደ አስቸጋሪው መመለስ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስማርት ጠቅላላ ውጤቱን «ፓስድ» (አልፏል) ስላለ ብቻ «ዲስኩ ጤነኛ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። 197 ላይ ቁጥር እያለ «ፓስድ» የሚል ዲስክ ሞልቷል፤ አምራቹ ያስቀመጠው ገደብ እስኪያልፍ አይናገርም።

ሄልፕዴስክ_4፦

እኔ የምጨነቀው መልእክቱ ላይ ስላለው አዝራር ነው። ጽሑፉን ሰው አያነብም፣ አዝራሩን ግን ይጫናል።

ዊንዶውስ ላይ ሁላችንም የምናውቀው አለ። ፍላሽ ሲሰካ «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎት። ፎርማት ይደረግ?» ይላል። ይህ መልእክት የሚወጣው ዊንዶውሱ በፍላሹ ላይ የሚያውቀው ፋይል ሲስተም ሲያጣ ነው። ያጣበት ምክንያት ብዙ ነው፦ እየተጻፈበት ተነቅሎ ይሆናል፣ በሊነክስ ወይም በማክ የተዘጋጀ ይሆናል፣ ዩኤስቢው በደንብ አልተገናኘ ይሆናል። ፋይሎቹ በአብዛኞቹ ላይ እዚያው አሉ። መልእክቱ ግን ከሁሉም ውስጥ አንዱን፣ ያውም ፋይል የሚያጠፋውን፣ «አለብዎት» ብሎ ያቀርባል። ማክ ላይ ያለው ተመሳሳይ መልእክት ኢጀክት፣ ችላ በል እና ኢኒሻላይዝ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ይሰጣል፤ ቢያንስ ግዴታ አያስመስለውም።

እንዲህ ቢባልስ፦

«በዚህ ፍላሽ ላይ ያለውን ማንበብ አልተቻለም። ፋይሎቹ አሁንም ሊኖሩ ይችላሉ። ነቅለው በሌላ ወደብ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩት። በላዩ ላይ የሚፈልጉት ነገር ካለ ፎርማት አያድርጉት።»

ፎርማት የሚለው ምርጫ ከዚህ ሳጥን ወጥቶ ዲስክ ማስተዳደሪያው ውስጥ ይግባ። ፎርማት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ መልእክቱ በስልክ የሚነበብ ይሁን። ሰው ደውሎ «አንድ ረጅም ነገር ጽፏል፣ ዜሮ፣ ኤክስ፣ ዜሮ፣ ዜሮ…» ሲል አሥር ዜሮ ቆጥረን መጨረሻው ላይ እንሳሳታለን። አጭር ቁጥር ስጡን።

ዳግም_ቡት፦

በጣም ጥሩ። ሁለተኛው ረቂቅ፣ 197 ላይ ቁጥር ለታየበት ዲስክ፦

«‹ፎቶዎች› የተባለው ዲስክ አንዳንድ ቦታዎቹን ማንበብ አቅቶታል።
ከውስጥ የተገጠመው ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ 8 ቦታዎች አልተነበቡም። የቀሩት አሁን ይነበባሉ፣ እስከ መቼ እንደሚነበቡ ግን አይታወቅም። አዲስ ፋይል አያስቀምጡበት። የሚያስፈልግዎትን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ።
ለባለሙያ የሚነገር ቁጥር፦ 197-8»

አዝራሮቹ «ፋይሎቹን ክፈት»፣ «ዝርዝር አሳይ»፣ «ነገ አስታውሰኝ»። «ሁለተኛ አታሳየኝ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ። ዊንዶውስ 7 የዲስክ ማስጠንቀቂያው ላይ አስገብቶት ነበር፤ ተጭኖ የረሳ ሰው ዲስኩ እስኪሞት ሌላ ምልክት አያገኝም።

ቁጥሩ ባለሙያው የሚያውቀው የስማርት ቁጥርና ዋጋው ነው፤ አዲስ ኮድ አልፈጠርኩም።

ቀጥታ_መስመር፦

ረቂቁ ለስላሳ ነው። «አንዳንድ ቦታዎች አልተነበቡም» ሲባል ማን ይደነግጣል? «ዲስክዎ ሊሞት ነው፣ ይቀይሩት» በለውና ይገላገል።

ሎግ_አንባቢ፦

ወንድሜ፣ ይኼ ሁለት ችግር አለው። ማሽኑ የሚያውቀው ምልክቱን ነው፤ ምክንያቱንና መጨረሻውን አያውቅም። ድሮ የሊነክስ የፕሪንተር ድራይቨር ወረቀት አላለቀም፣ ኦፍላይን አይደለም፣ ግን ስህተት አለ ሲባል «ኤልፒ0 (የፕሪንተሩ ስም ነው) እየተቃጠለ ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር። ያወቀው «ስህተት አለ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሳቱን ከራሱ ጨመረ።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። ብዙ ሺህ ዲስኮች የሚያስተዳድረው ባክብሌዝ በ2016 እንዳወጣው፣ ከሞቱት ዲስኮች 76.7 በመቶው ከመሞታቸው በፊት ከአምስቱ የስማርት ቁጥሮች ማለትም ከ5፣ 187፣ 188፣ 197 እና 198 ቢያንስ በአንዱ ላይ ምልክት አሳይተዋል። በሥራ ላይ ካሉት ግን ምልክት የነበራቸው 4.2 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ምልክቱ ከባድ ነው፣ «ቅዱ» ለማለት ከበቂ በላይ ነው። ግን ተገልብጦ ሲታይ ከአራት አንድ ገደማ የሚሆነው ዲስክ ምንም ሳይል ሞቷል። ዛሬ «ሊሞት ነው» ያልከው ለሁለት ዓመት ከሠራ፣ ነገ ደግሞ ዝም ያልከው ከሞተ፣ ሦስተኛውን መልእክትህን ማንም አያምንም።

ቀጥታ_መስመር፦

እሺ፣ ሞቱን ተውኩት። «ዛሬውኑ ይቅዱ» የሚለው ግን ከጽሑፉ መካከል ወጥቶ ርዕሱ ላይ ይቀመጥ። ማሳወቂያ ሲታጠፍ የሚታየው ርዕሱ ብቻ ነው።

ዳግም_ቡት፦

ትክክል። ርዕሱ «‹ፎቶዎች› ዲስክ ላይ ያለውን ዛሬ ይቅዱ፦ አንዳንድ ቦታዎቹ አይነበቡም» ይሁን።

ፊደል_ቆጣሪ፦

ከትርጉም በኩል ጥቂት ነገር። ፕሮግራመሮች ዓረፍተ ነገሩን ከቁርጥራጭ ትገጣጥማላችሁ፤ «አልተቻለም» የሚለውን አንድ ቦታ፣ «ማንበብ» የሚለውን ሌላ ቦታ፣ የዲስኩን ስም ሌላ ቦታ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣና በ፣ ከ፣ የ ከስሙ ጋር ስለሚጣበቁ ውጤቱ የተሰባበረ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሁኔታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ተለዋዋጮቹን በቁጥር ሰይሙ፣ ተርጓሚው ቦታቸውን እንዲቀያይር። ስሙን ደግሞ በጥቅስ አስገብታችሁ «የተባለው ዲስክ» የሚል አስከትሉለት፤ ያኔ ስሙ በላቲንም ይጻፍ በቁጥር፣ ዓረፍተ ነገሩ አይሰበርም።

ጽሑፉ ተጠቃሚውን «እርስዎ» ይበል፣ አዝራሩ ግን «ክፈት»፣ «ቅዳ» ይበል። አዝራሩ ላይ የሚናገረው ተጠቃሚው ነው፣ ማሽኑን እያዘዘ። ሁለቱን ስትቀላቅሉ «ይክፈቱ» የሚል አዝራር ይመጣል፤ ማን ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም።

ሰዓቱ ላይም ተጠንቀቁ። ሎጉ በዓለም አቀፍ ሰዓት 11፡00 ካለ፣ በኢትዮጵያ በኮምፒውተሩ ሰዓት 14፡00 ነው፣ ሰው ደግሞ «8 ሰዓት» ይለዋል። ለተጠቃሚው «ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የሎጉ ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ፣ ባለሙያው በእሱ ነው የሚፈልገው። እንደዚሁ ዋናውን የእንግሊዝኛ መስመር ዝርዝር ውስጥ አታጥፉት፣ ኮፒ ማድረጊያም ስጡት። የተተረጎመ ስህተት ተፈልጎ አይገኝም።

ጀማሪ_09፦

ዴስክቶፑ ሳይነሳ ስህተት ቢመጣስ? ማሳወቂያ የለ፣ ፎንት የለ።

ሎግ_አንባቢ፦

ጥሩ ጥያቄ። የሊነክስ ጽሑፍ ኮንሶል (ዴስክቶፑ ሳይነሳ የሚታየው የጽሑፍ ስክሪን) በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመደበለት ዋና ክፍል ብቻ 384 ቦታ አለው። ዲቢያን ላይ በኮንሶል ማዘጋጃው ውስጥ «ጎሃ» የሚባል የግዕዝ ፎንት አለ፤ ግን እሱም የሚጫነው ሲስተሙ መነሳት ከጀመረ በኋላ ነው። ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ በአማርኛ እንዲናገር አትጠብቅ።

መውጫው ኪውአር ኮድ ነው። ዊንዶውስ በ2016 ሰማያዊ ስክሪኑ ላይ አስገብቶት ነበር፣ ግን ሁሉንም ወደ አንድ አጠቃላይ ገጽ ይወስድ ስለነበር ብዙም አልጠቀመም። ከርነል 6.12 ላይ የመጣው የተሻለ ነው፤ የወደቀበትን ሎግ ራሱን ጨምቆ ኪውአሩ ውስጥ ያስገባዋል። ኮምፒውተሩ ቢሞትም ስልኩ ይሠራል፤ የሚከፈተው ገጽ በአማርኛ ሊሆን ይችላል። የገጹን አድራሻ ከርነሉ ሲገነባ መወሰን ይቻላል።

ብየዳ_ጣቢያ፦

ከዲስክ ወጣ ልበልና፣ ቀጥሎ ልትሠራው የሚገባህ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ነው፤ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። እሱ ሲደክም የሚመጣው መልእክት ስለ ባትሪ አያወራም። ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ብሮውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ማለት ይጀምራል፤ የገጾቹ ሰርቲፊኬት በዚያ ቀን ገና ስላልተሰጠ። ሰው ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ሲም ይቀይራል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማታ ማታ ከማከፋፈያው የሚጠፋበት ቢሮ ወይም መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ይኼ ቶሎ ይመጣል፤ ሶኬቱ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ ነው የሚመገበው፣ ከሌለ ባትሪው ብቻውን ይሸከመዋል።

ሎግ_አንባቢ፦

እዚህ ላይ ሲስተምዲ (ሊነክስ ሲነሳ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ፕሮግራም) ምልክቱን ይሸፍነዋል። ሲነሳ ሰዓቱ ከራሱ ከተገነባበት ቀን በፊት ሆኖ ካገኘው ወደፊት ይገፋዋል። ስለዚህ ዳግም_ቡት፣ «ሰዓቱ ስንት ነው» ብለህ ብትጠይቅ ትሸወዳለህ። ሰዓቱ መገፋቱን የሚናገረውን የሎግ መስመር ፈልግ። እሱ በተከታታይ ሲነሳ ከተደጋገመ፦ «ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ ሳይደክም አይቀርም። ድረ ገጾች አልከፈት ካሉዎት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።» ኔትወርክ ኖሮ ሰዓቱ ቶሎ ከተስተካከለ ግን አታስቸግረው፣ በዝርዝር ውስጥ ብቻ ይቀመጥ።

ሄልፕዴስክ_4፦

ዩኤስቢውንም አትርሱት። ሎጉ ላይ ስህተት −71 ወይም −110 ብሎ የሚደጋገም ከሆነ ዕቃው ራሱን ሳያስተዋውቅ ቀርቷል ማለት ነው። በእኛ በኩል በብዛት የሚመጣው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በረጅም ኬብል ወይም ሃይል በሌለው ሃብ ላይ ሲሰካ ነው። የዩኤስቢ 2 ወደብ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900፤ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። «መሣሪያው አልታወቀም» ከማለት «ሃቡን ትተው በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙት፣ በአጭር ኬብል» ማለት ግማሹን ስልክ ያስቀርልናል።

ዳግም_ቡት፦

ይገባል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ድግግሞሽ ነው። ስማርትዲ (የስማርት ቁጥሮችን ከበስተጀርባ የሚከታተለው ፕሮግራም) በየ30 ደቂቃው ይፈትሻል፤ በየፍተሻው ማሳወቂያ ካወጣሁ ሰው ፕሮግራሙን ያጠፋዋል።

ሎግ_አንባቢ፦

ለአንድ ዲስክ አንድ ማሳወቂያ፤ እንደገና የሚወጣው ቁጥሩ ሲጨምር ወይም ቀጠሮው ሲደርስ ብቻ። ማሽኑ ራሱ ያረማቸውን ደግሞ ከናካቴው አታሳይ፤ የፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዶችን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር) የታረሙ ስህተቶች በሰዓት በመቶዎች ሊመጡ ይችላሉ፣ ዳታ ግን አልተነካም። እነሱን ለአስተዳዳሪው ቁጠርለት። በነገራችን ላይ ስማርትዲ በብዙ ስርጭቶች ላይ ማስጠንቀቂያውን የሚልከው ለሩት (ለአስተዳዳሪው መለያ) በኢሜይል ነው፤ በግል ላፕቶፕ ላይ ያንን ሳጥን የሚከፍት የለም። ፕሮግራምህ ያንን ክፍተት ከሞላ ትልቅ ነገር ነው።

ብየዳ_ጣቢያ፦

እንዴት ልትፈትነው ነው? ለሙከራ የሚሞት ዲስክ ይዘህ አትዞርም።

ሎግ_አንባቢ፦

ከርነሉ ውስጥ «ስካሲ ዲበግ» የሚባል ሞጁል አለ፤ በራም ላይ የውሸት ዲስክ ይሠራል። የኦፕትስ ቅንብሩን 2 አድርገህ ጫነው፤ ከሴክተር 4660 ጀምሮ ያሉ ጥቂት ሴክተሮችን ስታነብ እውነተኛውን የሚዲያ ስህተት፣ ቁልፍ 3 ተጨማሪ ኮድ 11፣ ይመልስልሃል። 4 ካደረግከው በየስንተኛው ትዕዛዝ እንደሆነ ወስነህ መልስ ያስቀርብሃል፤ የ30 ሰከንዱን መቆም በእሱ ታያለህ። የዲቫይስ ማፐር (ከርነሉ ምናባዊ ዲስክ የሚሠራበት ክፍል) «ኤረር» ኢላማ ደግሞ ያለምንም ዝርዝር የስህተት ቁጥር 5ን ብቻ ይመልሳል። እሱን ስታስኬድ ፕሮግራምህ «ምክንያቱ አልታወቀም፣ የሚያስፈልግዎትን ይቅዱ» ማለት አለበት፤ «ኬብሉን ይቀይሩ» ካለ ኮዱ ውስጥ የሆነ ቦታ እየገመተ ነው።

የ197 ንባብን ግን በዚህ አታገኘውም፣ የውሸት ዲስኩ የሳታ ስማርት ሠንጠረዥ የለውም። ለእሱ ከእውነተኛ ዲስኮች የተቀዳ የስማርትሲቲኤል (የስማርት ሠንጠረዡን የሚያነበው ትዕዛዝ) ውጤት በጄሰን ፋይል አስቀምጠህ አስነብበው። ብየዳ_ጣቢያ ጥቂት ቢልክልህ ጥሩ ነበር።

ብየዳ_ጣቢያ፦

እልካለሁ፤ የሲሪያል ቁጥሩን አጥፍቼ። 199 ብቻ ያለባቸውንም፣ 5 እና 197 አብረው ያሉባቸውንም። «ፓስድ» የሚሉትን ለብቻ አደርጋቸዋለሁ።